ወረቀቱን ማን ያንብብላቸው? ልዩ እንክብካቤ ስለሚሹ ሕፃናትና ስለ ቤተሰቦቻቸው



ባለፈው ክረምት ለእረፍት ሰንበቴ የገባን ጥቂት ተማሪዎች በአንድ እሑድ፣ በገበያው ቀን፣ ወደ አንድ ቤት ተጠራን። መልእክቱ አጭር ነበር፦ "ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆች መጥተዋል አሉ፤ ይችን ወረቀት ያንብቡልን።" ወረቀቷ በፌስታል ተጠቅልላ ከሕፃኑ የክትባት ካርድ ጋር ሣጥን ውስጥ ስምንት ወር ተቀምጣለች። ቤተሰቡ የክፍያ ደረሰኝ መስላቸው ነበር። ስናነባት የሪፈር ወረቀት ናት። በእንግሊዝኛ የተጻፉት ሁለት መስመሮች፣ ሕፃኑ ሁለቱም እግሮቹ ተቆልምመው መወለዱንና በሁለት ሳምንት ውስጥ የአጥንት ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መወሰድ እንዳለበት ይናገራሉ።

እናቱ እግሮቹን ከማሳየቷ በፊት ተነሥታ በሩን ዘጋች። በእነዚያ ስምንት ወራት ልጁ ያልተደረገለት ነገር አልነበረም። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቶታል፤ ሩቅያ ተቀርቶበታል፤ አንዱ "ዐይን ነው" ሲል ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ "እርጉዝ ሳለች የረገጠችው ነገር ነው" ብላለች። ሐኪሙ የጻፈውን ግን በቤቱ ውስጥ የተረዳ ሰው አልነበረም። ቤተሰቡ ልጁን ችላ አላለም፤ የጎደለው የሚያስረዳው ሰው ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በዚያ ቤት በተማርነው ምክንያት ነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ አብዛኞቻችን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። በየቀያችን ግን ወረቀት የሚነበብልን ፍለጋ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ስለዚህ አንብቦ መተርጎም ብቻ ሳይሆን የምናነበውን ነገር መረዳትም ይጠበቅብናል። የሕክምና ተማሪ የሆኑ እህትና ወንድሞቻችን ረቂቁን አይተው አርመውልናል፤ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን።

ቅጣት አይደለም

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን በድለን ነው?" ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ጥያቄው እናትየዋ ላይ ያርፋል። በዚህ የተነሣ የተፋቱ አሉ፤ ከሠርግና ከለቅሶ የቀሩ እናቶች አሉ።

ቁርኣን ቤት የቀራን ሁላችን የዐበሰን ሱራ እናውቃታለን። ዓይነ ስውሩ ሶሓባ ዐብደላህ ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) ለመማር በመጣ ጊዜ ስለ እርሱ የወረደች ናት። ይህ ሰው በኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ሆኗል፤ እርሳቸው ከመዲና ሲወጡም ሰዎችን እንዲያሰግድ ተክተውታል። ከታቢዒዮች ደግሞ ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕን እናገኛለን። ጥቁር፣ አንካሳ፣ አንድ ዓይናና እጀ ሽባ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ነገር ግን የመካ ሙፍቲ ነበር፤ በሐጅ ወቅት ከእርሱ በቀር ማንም ፈትዋ እንዳይሰጥ ይታወጅ ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን የነበረ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለውን ሰው ደብቆ አላሳደገውም።

ቀደር ነው ብሎ መቀበልና ሕክምና መፈለግ አይጋጩም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ሩቅያም ከሐኪም ጋር አይጣላም። የሚጎዳው ሩቅያ መቅራቱ ሳይሆን "ሩቅያው እስኪያልቅ" ተብሎ ቀጠሮው ሲያልፍ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ለምን ይቸኮልበታል?

የሕፃን አእምሮ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ መጠኑ በእጥፍ ገደማ ያድጋል። አጥንቱ ገና በከፊል ለስላሳ ነው፤ ጅማቱም ይለጠጣል። በዚህ ጊዜ በየሳምንቱ በትንሹ የሚሠራ ሥራ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ በከባድ ቀዶ ሕክምና ከሚሠራው የተሻለ ውጤት ይሰጣል። "ሲያድግ ይተወዋል" የሚለው ምክር በቅን ልብ ቢሰጥም ብዙ ልጆች ያጡት ይህንኑ ጊዜ ነው።

ከዚህ በታች በቀያችን የምናያቸውን ሦስት ሁኔታዎች በዝርዝር፣ ሌሎቹን በአጭሩ እናስረዳለን።

አንደኛ፦ የተቆለመመ እግር

ከአንድ ሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እግሩ ወደ ውስጥና ወደ ታች ዞሮ ይወለዳል። ቁርኣን ቤት ሳለን በእግሩ ጠርዝ እየተራመደ የሚመጣ ጓደኛ ነበረን። ስሙን ትተን በእግሩ እንጠራው ነበር፤ አላህ ይማረን። ያ እግር በሕፃንነቱ ሊቃና ይችል እንደነበር ያወቅነው ባለፈው ክረምት ነው።

ሕክምናው ፖንሴቲ በተባለው ሐኪም ስም ይጠራል። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በ1914 እ.ኤ.አ. በስፔን የተወለደ የሰዓት ጠጋኝ ልጅ ነው፤ ዘዴውን ያዳበረው በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጅማት በድንገት ቢጎተት ይጎዳል፤ በትንሽ ኃይል ለረጅም ጊዜ ቢያዝ ግን ቀስ ብሎ ይረዝማል። ሐኪሙ እግሩን በእጁ በቀስታ ያቃናና ከጣት እስከ ታፋ በጄሶ ይይዘዋል። በሳምንቱ ጄሶው ይፈታል፣ እግሩ ትንሽ ይጨመርለታል፣ እንደገና ይታሰራል። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃል። ከዚያ ለብዙዎቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማት በአካባቢ ማደንዘዣ በትንሹ ይቆረጥና የመጨረሻው ጄሶ ሦስት ሳምንት ይቆያል።

ቤተሰብ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። እግሩ ቀንቶ ሲያዩት ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በብረት ዘንግ የተያያዘ ልዩ ጫማ አለ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመት ገደማ በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋል። ይህ ከተቋረጠ እግሩ ይመለሳል። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሲያለቅስ አያት "አታሠቃዩት" ብላ ታወልቀዋለች። ስለዚህ ምክንያቱን ለአያትም ማስረዳት ያስፈልጋል።

ወጌሻ እንዳያሸው መምከር አለብን፤ በኃይል ማሸት ለስላሳውን አጥንት ይጎዳል። ዕድሜው ስምንት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሆነ ተብሎ ግን ተስፋ አይቆረጥም፤ ዘዴው መራመድ ለጀመሩ ልጆችም ይሠራል። ሕክምናውን ከሚሰጡት አንዱ አዲስ አበባ የሚገኘው የኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል ነው፤ ለድጋፍ ጫማና ለመሣሪያ ደግሞ በደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ለቤተሰቡ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ከሚሴ ሆስፒታል ጠይቆ በሪፈር መሄድ ነው።

ሁለተኛ፦ በፍጥነት የሚያድግ ጭንቅላት

በአእምሯችን ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይመነጫል፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህ ፈሳሽ ዞሮ ወደ ደም ይመለሳል። መውጫው ከተዘጋ ግን ይጠራቀማል፤ የሕፃን የራስ ቅል ገና ስላልተጋጠመ ጭንቅላቱ ይሰፋል። ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ ይሉታል።

ይህንን ለመለየት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በጊዜው የተወለደ ሕፃን የጭንቅላት ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እስከ ሦስት ወር በየወሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ከዚህ እጅግ ከፈጠነ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ዓይኖቹ ወደ ታች ብቻ የሚያዩ ከመሰሉ፣ ካስመለሰውና ጡት ከተወ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ሕክምናው የቧንቧ ሥራን ይመስላል። አንዱ መንገድ በቆዳ ሥር ከአእምሮ ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ባለ ቫልቭ ቀጭን ቱቦ መትከል ነው። ሌላው በውስጥ መመልከቻ መሣሪያ አዲስ መውጫ መክፈት ነው። ይህኛውን ከሌላ ሥራ ጋር አጣምሮ ለሕፃናት ያዳበረው ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለ ሐኪም ሲሆን ሥራው የተሠራው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ነው። በአገራችን ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ። ቱቦ የተተከለለት ልጅ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ወይም ትኩሳት ካሳየ ቱቦው ተዘግቶ ወይም ተመርዞ ሊሆን ይችላልና ቤተሰቡ ቀጠሮ ሳይጠብቅ መመለስ አለበት።

አንዳንዱ ሕፃን ደግሞ ጀርባው ላይ እብጠት ወይም ክፍተት ይዞ ይወለዳል፤ ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ክፍተቱ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ቅቤም፣ ቅጠልም፣ አመድም አይደረግበትም። ይህ ችግር የሚፈጠረው በፅንሱ የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በየቀኑ የሚወሰድ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አብዛኛውን ይከላከላል። አገራችን በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ያወጣችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለማግባት የተዘጋጁ እህቶቻችን ይህን ከአሁኑ ቢያውቁት መልካም ነው። ለወለደች እናት ግን እንደ ወቀሳ አይነገርም፤ ምክሩ ለሚቀጥለው እርግዝና ነው።

ሦስተኛ፦ ሰውነቱ የሚገተር ወይም የሚዝል ሕፃን

ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ከሦስቱ ከባዱ ነው፤ ጄሶም ቱቦም አይፈታውም። በማደግ ላይ ያለ አእምሮ ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። በምጥ ጊዜ መታፈን፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ የማጅራት ገትር፣ ያልታከመ ከባድ ወፍ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። አይጋባም። የአእምሮው ጉዳትም ከጊዜ ወደ ጊዜ አይሰፋም፤ ሰውነቱ ግን እንክብካቤ ካጣ እየተኮማተረ ይሄዳል።

ምልክቶቹን እናት ከማንም ቀድማ ታያለች። በአራት ወሩ አንገቱን አለመያዝ፣ ሲያቅፉት እንደ እንጨት መገተር ወይም እንደ ጨርቅ መዝለል፣ እጁን ሁልጊዜ ጨብጦ መያዝ፣ ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ መጠቀም፣ በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ አለመቀመጥ። እናት "ልጄ እንደ ታላቁ አይደለም" ስትል ማመን ይገባል።

ብዙው እንክብካቤ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ነው።

አመጋገብ፦ አስተኝቶ ወይም አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ማብላት ምግቡን ወደ ሳንባ ይልካል። ቀና አድርጎ፣ አገጩን ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ እስኪውጥ እየጠበቁ ማብላት ነው። አንድ ምግብ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ እናትየው ብቻዋን አትችለውም።

አያያዝ፦ ቀኑን ሙሉ በጀርባው አይተው። በየሰዓቱ ጎኑን መለወጥ፣ ጋቢ ጠቅልሎ በግራና በቀኝ መደገፍ፣ እግሮቹ የሚጣበቁ ከሆነ እግሮቹን ከፍቶ በጎን ማዘል ይረዳል።

ወንበር፦ እዚህ ላይ ሙያችን ይገባል። ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እያንዳንዳቸው በ90 ዲግሪ የሚያርፉበት፣ በጉልበቶቹ መካከል ትንሽ መለያ ያለው፣ ከፊቱ ጠረጴዛ የተገጠመለት ወንበር ማንኛውም አናጺ ከጣውላ ሊሠራው ይችላል። ልኩን የሚወስነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይሁን። እንዲህ የተቀመጠ ልጅ በእጁ ይጫወታል፣ ፊት ለፊት ያያል፣ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ይቀርባል።

የሚጥል በሽታ፦ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ክብሪት ማሽተት ምንም አይጠቅምም። በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። መድኃኒት አለው፤ ስለተሻለው ብቻ በራስ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ጨዋታና ወሬ፦ የማይናገር ልጅ አይሰማም ማለት አይደለም። ስሙን መጥራት፣ መንዙማ ማሰማት፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ቤተሰቡ በሚያወራበት ቋንቋ ማውራት ለእርሱ ሕክምና ነው።

በኡጋንዳና በሩዋንዳ "ቤቢ ኡቡንቱ" የሚባል ጥሩ ልምድ አለ። እንዲህ ያሉ ሕፃናት ያሏቸው እናቶች በየአካባቢያቸው በቡድን እየተገናኙ ስለ አመጋገብ፣ ስለ አያያዝና ስለ ጨዋታ አብረው ይማራሉ። ከሚያስተምሩት አንዷ ራሷ እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች እናት ናት። ወሎ ውስጥ ለወዳጃ መሰብሰብን የሚያስተምረን አያስፈልግም። በዚያው ስብስብ ሁለት ሦስት እናቶች ተገናኝተው "የእኔም እንዲህ ነው" ቢባባሉ ትልቅ ነገር ነው።

ሌሎቹ በአጭሩ

ዳውን ሲንድረም ያለው ሕፃን ሰውነቱ ዘላላ ነው፤ ጡት ለመሳብ ይዘገያል። ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር አብሯቸው ስለሚኖር የልብ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ቀስ ብለው ይማራሉ፤ ግን ይማራሉ። ከንፈሩ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ይታወቃል። እስከዚያው ቀና አድርጎ፣ የታለበ የእናት ጡት በንጹሕ ሲኒና ማንኪያ ማጠጣት ይቻላል። ለድምፅ የማይደነግጥ ሕፃን መስማቱ ይመርመር። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ሕፃን ፀሐይ በማሞቅ አይታለፍም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ጡት እምቢ ያለ ሕፃን ደግሞ እንጥሉ ተቆርጦ አይድንም፤ ይደማል፣ ይመረዛል።

ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የሚታዩም አሉ፤ ኦቲዝም አንዱ ነው። በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ እንዲወራ ያደረገችው በ2013 ዓ.ም. ያረፈችው ዘሚ የኑስ ናት። ሐኪም ወይም ባለሥልጣን አልነበረችም፤ የልጇን ሁኔታ የሚያስረዳት ያጣች እናት ነበረች። ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርታ ሌሎች እናቶች እርሷ ያጣችውን እንዲያገኙ አደረገች።

ለቤተሰብ እንዴት እንናገር?

መጀመሪያ የልጁን ስም እንጠይቅ፤ በስሙም እንጥራው። ቀጥሎ እናትየው የምታውቀውን እንድትነግረን እንተው። ከዚያ ሦስት ነገር እንንገር፦ የሁኔታውን ስም፣ ጥፋቱ የማንም አለመሆኑን፣ ቀጣዩን አንድ እርምጃ። አሥር ነገር በአንድ ቀን የተነገረው ሰው አንዱንም አይዝም። አባትን ከንግግሩ አናስቀር፤ ለጉዞውም ለውሳኔውም እርሱ ያስፈልጋል። "ይድናል" ብለን የማናውቀውን ቃል አንግባ። "ምንም አይደረግለትም" ማለትም የእኛ ሥልጣን አይደለም።

ገንዘብም ጉዳይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ ደብተሩን አሳድሶ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ከሄደ ብዙው ወጪ ይቀንስለታል። ለመጓጓዣውና ለማደሪያው ሰደቃ ማሰባሰብ የጀመዓችን ሥራ ሊሆን ይችላል። የፖንሴቲ ጄሶ በየሳምንቱ መመላለስን ይጠይቃል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት በሦስተኛው ሳምንት የመኪና ዋጋ ሲያጡ ነው።

ለእረፍት ስንሄድ

ዐቂቃ የሚታረደው በሰባተኛው ቀን ነው። ለተቆለመመ እግር ጄሶ መጀመር የሚቻለውም በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ልጁን በሚመርቅበት በዚያ ቀን፣ ከእህቶቻችን አንዷ እግሩን፣ ጀርባውን፣ ላንቃውን እንደ ዋዛ ብታይ ስምንት ወር ልታተርፍለት ትችላለች። የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንወቃት፤ ቤት ለቤት የምትዞረው እርሷ ናት። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ካለ እናንብብ። አንብበንም በቤተሰቡ ቋንቋ፣ በትልልቅ ፊደል፣ የት፣ መቼ፣ ማንን ብለን በጀርባው እንጻፍ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላት ላይ ሆነው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ለአንዲት እናት ጭንቀት ጀመዓው ሁሉ ይታሰብ ነበር ማለት ነው።

በዚያ እሑድ የተጠራንበት ቤት ልጅ ሰባት ጄሶ ታስሮለት አሁን ጫማው ላይ ደርሷል። አያቱ መጀመሪያ ማታ ማታ ታወልቅበት ነበር። ምክንያቱ ከተነገራት ወዲህ ግን የሚያስርለት እርሷ ናት፤ ሌላ ሰው ሲያስረው "ላላ" ትላለች አሉ። ልጁ ይዞ መቆም ጀምሯል። እናቱም ባለፈው ወር እሑድ ገበያ ይዛው ወጣች፤ እግሮቹን አልሸፈነቻቸውም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።